ድንችና ውርጭ፦ አምስት ቀን በሰምቡንጋን

ቀን 1፦ ከሙቀቱ ወደ ብርዱ

የኢንዶኔዥያዋ ደሴት ጃቫ ስትባል ብዙ ሰው የሚያስበው ሙቀት ነው። የሩዝ ማሳ፣ ኮኮናት፣ ላብ። እኔም ዮግያካርታ ከተማ ሦስት ቀን ስቆይ ያየሁት ይህንኑ ነበር። ግን ደሴቲቱ መሃል ላይ ዲየንግ የሚባል አምባ አለ። እዚያ አምባ ላይ ደግሞ ሰምቡንጋን የምትባል ትንሽ የገበሬ መንደር አለች፤ ከ150 ሚሊዮን በላይ ሰው በሚኖርበት ደሴት ላይ ከመንደሮች ሁሉ ከፍ ብላ ያለችው እሷ ናት ይላሉ። ከፍታዋ ወደ 2,300 ሜትር ነው። ቁጥሩን ሳነብ ቆም አልኩ። ይሄ እኮ የአዲስ አበባ ከፍታ ነው! እኛ ያደግንበት አየር ለነሱ የደሴቲቱ ጣሪያ ነው። በቃ፣ መሄድ አለብኝ አልኩ።

አብሮኝ የሄደው የዮግያካርታ ልጅ የሆነ ጓደኛዬ ነው። እሱ ባይኖር የዚህ ማስታወሻ ግማሹ አይጻፍም ነበር። ተራራው ላይ ያሉ ሽማግሌዎች እርስ በርስ የሚያወሩት በጃቫኛ ነው፤ የኢንዶኔዥያ ብሔራዊ ቋንቋ ሌላ ነው፤ እኔ ደግሞ ከሁለቱም የማውቀው ሰላምታና ምስጋና ብቻ።

በጠዋት አውቶቡስ ወደ ማገላንግ ወጣን፤ ከዚያ ሌላ አውቶቡስ ይዘን በተማንጉንግ በኩል ወደ ዎኖሶቦ። መንገዱ ሲንዶሮና ሱምቢንግ በሚባሉ ሁለት እሳተ ገሞራዎች መካከል ያልፋል። ሁለቱም ከ3,000 ሜትር በላይ ናቸው፤ ከሩቅ ሲታዩ መንታ ይመስላሉ። ግርጌያቸው ያለው ማሳ ትምባሆ ነው። የተከተፈው ትምባሆ በቀርከሃ ሰሌን ላይ ፀሐይ እንዲመታው በመንገዱ ዳር ተሰጥቷል፣ ሽታው በመስኮት ይገባል። እኛ አገር በዚህ ሰሞን ክረምት ነው፣ ሐምሌ መጨረሻ። እዚህ ግን ከምድር ወገብ በታች ስለሆነ በጋው ደርቆ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነው የጠበቀን።

ዎኖሶቦ ምሳ በላን። የከተማዋ ምግብ ሚ ኦንግክሎክ ይባላል። ኦንግክሎክ ማለት ፓስታ የመሰለው ሚ ከጥቅል ጎመን ጋር ተደርጎ ፈላ ውሃ ውስጥ የሚነከርበት ትንሽ የቀርከሃ ወንፊት ነው። ላዩ ላይ ወፍራም መረቅ ይፈስበታል፤ ከጎኑ ጥብስ የበሬ ሥጋ በእንጨት ተሰክቶ ይመጣል። (በነገራችን ላይ እኛ ሰፈር ሱቅ ውስጥ "ኢንዶሚ" እያልን የምንገዛው የመጣው ከዚህ አገር ነው።) አብሮት ተምፔ ከሙል በላሁ። ተምፔ ከአኩሪ አተር የሚሠራ፣ እንዲቦካ የሚተው ነገር ነው፤ ከሙል ደግሞ ብርድ ልብስ ማለት ነው። አኩሪ አተሩ በሊጥ ተጠቅልሎ ስለሚጠበስ ብርድ ልብስ ለብሷል ማለታቸው ነው። ስሙን ሲነግሩኝ ወደ የት እየሄድኩ እንደሆነ ገባኝ።

ከዎኖሶቦ ዲየንግ 26 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሽቅብ። ሚኒባሱ ጠበብ ያለ፣ ረዳቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ የሚጣራ፣ ጣሪያው ላይ ጆንያ የተጫነበት። የሻይ እርሻውን ካለፍን በኋላ ዓይኔ ድንች ብቻ ነው ያየው። ድንች ሜዳ ላይ፣ ድንች ገደል አፋፍ ላይ፣ ድንች መቃብር ሥር ድረስ። ፍየል የሚያንሸራትት ተዳፋት ላይ ሁሉ ሰው ጎንበስ ብሎ ይሠራል። ከዲየንግ እስከ ሰምቡንጋን በሞተር ሄድን፤ እዚህ ኦጄክ ይሉታል።

ያረፍንበት ቤት ባልና ሚስት፣ የባልየው እናት፣ አንዲት የልጅ ልጅ አሉበት። የልጅቷ እናትና አባት ዎኖሶቦ ነው የሚሠሩት፣ በየሳምንቱ ይመጣሉ። ሰዎቹን በስማቸው አልጠራቸውም፤ እዚያም በስማቸው አልጠራኋቸውም። ባልየውን "ፓክ"፣ ሚስትየዋን "ቡ" ነው የሚባለው፣ አባትና እናት እንደማለት። አሮጊቷ ደግሞ "ምባህ" ናቸው፣ አያት።

"ሞንጎ፣ ሞንጎ" አሉን፣ ግቡ ግቡ። ሳሎን አላቸው፣ ጥሩ ሶፋ፣ ትልቅ ቴሌቪዥን። ማንም እዚያ አልተቀመጠም። ቀጥታ ወደ ማድ ቤት ወሰዱን፣ ምድጃ ዳር፣ ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ። እዚህ አገር እንግዳ የሚከበረው እሳት ዳር ነው። ጃስሚን ያለው ጣፋጭ ሻይ መጣ፣ የተጠበሰ ድንች መጣ፣ ምባህ የገዛ ሳሮንጋቸውን፣ እንደ ሽርጥ ያለ ጨርቅ ነው፣ ከትከሻቸው አውርደው እኔ ላይ ጣሉት። ምንም አላሉም። ልክ አያቴ ጋቢዋን እንደምታለብሰኝ ነው ያደረጉት። ከዚያ በኋላ እንግዳ መሆኔ ቀረ።

ልጅቷ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። ከፊት ለፊቴ ተቀምጣ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ጸጉሯ ግማሹ ለስላሳ ነው፣ ከኋላ ያለው ግን ተጋምዶ ተጋምዶ ድሬድ ሆኗል፤ አምስት ስድስት ወፍራም ገመድ። ማንም በእጁ የሠራው አይመስልም። የዚያን ቀን አልጠየቅኩም።

ቀን 2፦ ሲኩኒር እና ድንች

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሣን። ሲኩኒር የሚባለው ኮረብታ ከመንደሩ ራስጌ ነው፤ ከሐይቁ ዳር ተነሥቶ ደረጃ ደረጃውን ግማሽ ሰዓት ትንሽ አለፍ ቢል ነው። ሐይቁ ቸቦንግ ይባላል። ቅዳሜና እሁድ ደረጃው ላይ ወረፋ አለ አሉ፣ እኛ በሥራ ቀን ስለሄድን ረጋ ብለን ወጣን።

ፀሐይ ስትወጣ ፊት ለፊት ሲንዶሮ፣ ከኋላው ሱምቢንግ፣ ራቅ ብለው መርባቡና መራፒ ይታያሉ። ከመራፒ ጫፍ ቀጭን ጭስ ይወጣ ነበር። ጓደኛዬ ዝም አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 መራፒ ሲፈነዳ ከ350 በላይ ሰው ነው የሞተው፤ እሱ ያኔ ልጅ ነበር፣ ዮግያካርታ ላይ አመድ ሲዘንብ ያስታውሳል። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ደሴቲቱን ያበላት ግን ያው እሳት ነው፤ አፈሩ ይህን ያህል ሕዝብ የሚቀልበው ከአመድ ስለተሠራ ነው።

ስለ ፀሐይዋ ብዙ አልጽፍም፣ ፎቶ ሞልቷል። እኔን የያዘኝ የወረድን ጊዜ ያየሁት ነው። ሲነጋ ተራራው በሙሉ መስመር መስመር ሆኖ ታየ። የድንቹ መደብ ጥቁር ፕላስቲክ ለብሶ ከላይ ወደ ታች፣ ቁልቁል ተሰምሯል። ቁልቁል! እኔ ያደግኩት እርከን የተዳፋቱን ወገብ ይዞ አግድም ይሠራል ሲባል እየሰማሁ ነው። ይሄ ተቃራኒው ነው። ዝናብ ሲመጣ ውሃው በቀጥታ አፈሩን ይዞ እንዲወርድ መንገድ የተሠራለት ነው የሚመስለው።

ፓክን ጠየቅኩ። ማሳው ላይ ሆነን፣ እሱ እየቆፈረ። ጎበዝ ነው፣ ወደ 60 ዓመቱ ነው፣ ተዳፋቱ ላይ ሜዳ ላይ እንዳለ ሰው ነው የሚራመደው። አልተቆጣም። "ድንች እግሩ ውሃ ውስጥ ከቆመ ይበሰብሳል" አለ። እዚህ ዝናቡ ብዙ ነው፣ ጉሙም አይለቅም። መደቡን አግድም ካደረግከው ውሃ ይቋጥራል፣ በሽታ ይገባል፣ አንድ ሳምንት ሳይሞላ ሁሉም ይጠቁራል። ቁልቁል ሲሆን ውሃው ይሄዳል። አፈሩም አብሮ እንደሚሄድ ያውቃል። "አውቃለሁ" አለ፣ ሁለት ጊዜ። "በየዓመቱ ከታች ወደ ላይ አፈር እንሸከማለን።"

ከዚያ ቁጭ ብሎ ታሪኩን አወራኝ። ልጅ ሳለ እዚህ የሚበላው በቆሎ ነበር። ሩዝ በዚህ ከፍታ አይበቅልም፤ በቆሎ ተፈጭቶ፣ ተነፍቶ፣ እንደ ሩዝ ይበላል። ለገበያ የሚወጣው ትምባሆ ነበር። ቤቱ የእንጨት ነበር፣ ሁሉም ችግረኛ ነበር። በ1980ዎቹ ድንች መጣ። ድንች በሦስት በአራት ወር ይደርሳል፣ ከተማው ሁሉ ይፈልገዋል። በጥቂት ዓመት ውስጥ ሰዎች የግንብ ቤት ሠሩ፣ ፒክ አፕ ገዙ፣ መካ ሄደው ሐጅ አደረጉ፣ ልጆቻቸውን ዩኒቨርሲቲ ላኩ። እናቱ እኚህ ምባህ መካ የሄዱት በድንች ነው። ይህን ሲናገር ፊቱ በራ።

ቀጥሎ 1998 መጣ። ፕሬዚዳንቱ ሱሃርቶ ከሥልጣን ወረደ፣ የአገሪቱ ኢኮኖሚ ወደቀ፣ የመንግሥት ደን ጠባቂ ጠፋ። በዚያ ሰሞን ጃቫ ላይ በብዙ ቦታ ሕዝቡ ደን ገባ። እዚህም ዛፉ ተቆረጠ፣ ቦታው ድንች ሆነ። ዛሬ አቀበቱ ላይ ዛፍ የምታየው ጫፍ ጫፉን ነው።

እኔ ወደዚህ ስመጣ አእምሮዬ ውስጥ "ተራራውን ራቁቱን ያስቀሩት ሰዎች" የሚል ነገር ነበር፣ ከተማ ውስጥ እንደዚያ ሲሉ ስለሰማሁ። አሁን እንደዚያ ማለት አልችልም። ሰው ልጁን በቆሎ ብቻ እያበላ ዛፉን ይጠብቅ ማለት ቀላል የሚሆነው ሆዱ ለሞላ ነው። ግን አፈሩም እየሄደ ነው፤ ይህንንም አለመናገር አልችልም። በአንዳንድ ቦታ ከታች ያለው ቢጫ አለት ወጥቷል። የጎደለውን ለመሙላት በጭነት መኪና የዶሮ ፍግ ከቆላው ይመጣል፣ ጆንያ በጆንያ መንገድ ዳር ተከምሯል፤ መንደሯ የምትሸተው እሱን ነው። በጋ ላይ ደግሞ ውሃው በፓምፕ ከሐይቁ ይሳባል፤ የፕላስቲክ ቱቦዎቹ እንደ ሐረግ ተራራውን አልብሰውታል።

ከሰዓት ሠራን። ድንች ለቀምኩ፣ ትልቁን ለብቻ፣ መካከለኛውን ለብቻ፣ ትንንሹን ለዘር። ጎረቤቶች መጥተው ያግዛሉ፣ ነገ ደግሞ እነሱ ማሳ ላይ። ወንፈል ነው፣ ሌላ ስም የለውም፤ እነሱ ጎቶንግ ሮዮንግ ይሉታል። ማታ ወገቤ ቢያመኝም እንቅልፌ ጣፋጭ ነበር።

ቀን 3፦ ነጭ ጠዋት

ሌሊት ላይ ብርዱ ሌላ ሆነ። ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤ ጣቶቼ አልሞቅ አሉ። ጎህ ሳይቀድ ከመስጊዱ አዛን ሲሰማ ፓክ ቀድሞ ተነሥቶ ነበር፤ ሰማዩን ለማየት ወጥቶ ተመለሰ፣ ከሚስቱ ጋር ዝቅ ባለ ድምፅ አወራ።

አመዳይ ወርዷል። እዚህ ኤምቡን ኡፓስ ይሉታል፣ ኤምቡን ጤዛ ነው፣ ኡፓስ መርዝ። መርዘኛ ጤዛ። በሐምሌና በነሐሴ ሰማዩ ደመና ሲያጣ፣ የቀኑ ሙቀት ሌሊት ወደ ላይ ያመልጣል፤ ቀዝቃዛው አየር ደግሞ ከባድ ስለሆነ ከተራሮቹ እየተንሸራተተ ሜዳው ላይ ይጠራቀማል። ዲየንግ አምባው እንደ ሳህን ነው፣ ዙሪያው ተራራ። ስለዚህ ብርዱ መውጫ የለውም። ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ከምድር ወገብ ሰባት ዲግሪ ብቻ በሚርቅ ቦታ ላይ!

ወደ አርጁና ቤተ መቅደሶች ወረድን። ከሰባተኛውና ከስምንተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የቆሙ የሂንዱ መቅደሶች ናቸው፣ ለሺቫ የተሠሩ፣ ጃቫ ላይ ቆመው ከቀሩ የድንጋይ ሕንፃዎች በዕድሜ ቀዳሚዎቹ። ከታላቁ የቡድሃ መቅደስ ከቦሮቡዱር በፊት ማለት ነው። ትንንሽ ናቸው፣ የጠቆረ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ። ስማቸው አርጁና፣ ስሪካንዲ፣ ፑንታዴዋ፣ ሰምባድራ፣ ሰማር ነው፤ የጥላ አሻንጉሊት ትርዒት ላይ ያሉ ገጸ ባሕርያት ስም፣ ሕዝቡ ከብዙ ዘመን በኋላ ያወጣላቸው። የዲየንግ ስም ራሱ ዲ ሕያንግ ከሚለው መጣ ይባላል፣ የአማልክት ማደሪያ። ዛሬ ነዋሪው ሙስሊም ነው፣ መቅደሶቹን ግን በአክብሮት ነው የሚያልፋቸው።

ሳሩ በሙሉ ነጭ ሆኗል። ከከተማ የመጡ ወጣቶች ደስታቸው ወሰን አልነበረውም፤ በዕድሜያቸው በረዶ አይተው አያውቁም፣ ያፍሳሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ፣ ይጮኻሉ። አልፈርድባቸውም። እኔም ለመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች አፌን ከፍቼ ነው ያየሁት፤ ከጥቁሩ ድንጋይ ሥር ያ ነጭ ሳር በጣም ያምራል። ግን አጥሩን አልፎ ያለው የድንች ማሳም ነጭ ነው። ፀሐይ ወጥታ አመዳዩ ሲቀልጥ ቅጠሉ መጀመሪያ እርጥብ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ጥቁር፣ እኩለ ቀን ላይ እሳት የነካው መሰለ።

ፓክ ከዚህ ሜዳ ዳር የተከራየው ማሳ አለው። ልናየው ሄድን። ከመደቦቹ ግማሽ ያህሉ ተቃጥለዋል። ቅጠሉን በሁለት ጣቱ ይዞ አሸው፣ ጣቱ ጠቆረ። "ከፍ ያለው ደህና ነው" አለ፤ እውነትም ብርዱ የሚተኛው ዝቅተኛው ቦታ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ማሳው አንድም ቃል አልተናገረም፤ ሞተሩን አስነሥቶ ቀስ ብሎ ወደ ቤት ወሰደን።

ማታ እሳት ዳር ማንም ብዙ አላወራም። ያኔ ነው ከአገር ቤት የያዝኩት የተቆላ ቡና ትዝ ያለኝ። ቡ አሸተቱት፣ ደስ አላቸው፣ በሙቀጫ ወቀጡት። እዚህ ቡና ቱብሩክ ነው የሚጠጣው፤ ዱቄቱና ስኳሩ ብርጭቆ ውስጥ ይገባል፣ የፈላ ውሃ ይፈስበታል፣ አተላው እስኪዘቅጥ ትጠብቃለህ። እኔ ጀበና አልያዝኩም፣ በነሱ መንገድ ጠጣን። እና ጓደኛዬ እያስተረጎመልኝ፣ ይህ ቡና በዱር የበቀለው በእኛ አገር ጫካ ነው አልኳቸው። አላመኑኝም! ምባህ "ቡና የጃቫ ነው" አሉ፣ በሙሉ እምነት።

ደግሞም ምክንያት አላቸው። ደቾች ከህንድ ማላባር ጠረፍ የቡና ችግኝ ወደ ጃቫ ያመጡት በ1696 ነው፤ የመጀመሪያው በጎርፍ ጠፋ፣ በ1699 ያመጡት ያዘ። ከዚያ ጃቫ በዓለም ገበያ የቡና ሌላ ስም እስክትሆን ደረሰች። በ1706 ከጃቫ ችግኝ ወደ አምስተርዳም ተላከ፤ ላቲን አሜሪካ የተስፋፋው ቡና ትልቁ ክፍል የሚወለደው ከዚያ ዘር ነው። ገበሬው ግን አልተጠቀመም። ከ1830 ጀምሮ የቅኝ ገዥው መንግሥት ለኤክስፖርት የሚሆን ሰብል በግዴታ ያስተክል ነበር፣ ቡና፣ ሸንኮራ፣ ሰማያዊ ቀለም የሚወጣበት ኢንዲጎ። የምባህ አያቶችም ምናልባት ቡናውን ተክለው ጣዕሙን ሳያውቁት ነው ያለፉት። ይህን ሁሉ ተናግሬ ስጨርስ ምባህ ብርጭቋቸውን አዩና "እንግዲያውስ ልጁ ወደ ቤቱ ተመልሶ መጥቷል" አሉ፤ እኔን ይሁን ቡናውን፣ ጓደኛዬም አልለየውም።

ዛሬ ከዲየንግ ዝቅ ባሉት ተዳፋቶች አንዳንድ ገበሬዎች አራቢካ እየተከሉ ነው፣ ሥሩ አፈር ስለሚይዝ። ፓክ ያውቃል። ቡና እስኪያፈራ ሦስት ዓመት ነው፣ ድንች ሦስት ወር። "ሦስት ዓመት ምን እየበላሁ?" አለ። መልስ አልነበረኝም።

ቀን 4፦ ጋዝ፣ ጸጉር

ጠዋት ሲኪዳንግን አየን። የሚፈላ ጭቃ፣ የድኝ ሽታ፣ ነጭ እንፋሎት። ኪዳንግ ማለት አጋዘን ነው፤ የሚፈላው ጉድጓድ ከዓመት ዓመት ቦታ እየቀየረ ስለሚዘል ነው እንዲህ የተባለው። አጠገቡ ግዙፍ ቧንቧዎች አሉ፣ እንፋሎቱ ወደ ኤሌክትሪክ ማመንጫ ይሄዳል። ሐይቁን ተላጋ ዋርናንም አየን፤ በድኙ የተነሣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሆኖ ይለዋወጣል። ቆንጆ ነው፣ በግማሽ ሰዓት ይታያል።

ሐሳቤ የቀረው ግን ሲኒላ ላይ ነው፣ በአምባው ምዕራብ በኩል። በየካቲት 20፣ 1979 ንጋት ላይ ምድር ተንቀጠቀጠ፣ ሲኒላ ፈነዳ። ኬፑቹካን የሚባል መንደር ሰዎች ልጆቻቸውን ይዘው ሸሹ። የሸሹበት መንገድ ላይ ግን ከመሬት ስንጥቅ የወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተኝቶ ነበር። አይታይም፣ አይሸትም፣ ከአየር ይከብዳል። 149 ሰው ሞተ፣ ብዙዎቹ እየሮጡ መንገድ ላይ ወደቁ። ዛሬ የመንግሥት ባለሙያዎች በዚያ አካባቢ ጋዙን በመሣሪያ ይከታተላሉ፤ ሲጨምር ገበሬው ማሳው እንዳይደርስ ይነገረዋል። ፓክ ያኔ ልጅ ነበር። ጭጋግ ባለበት ጠዋት እናቱ ዝቅ ወዳለ ቦታ አይልኩትም ነበር፣ እሱም ዛሬ ድረስ የልጅ ልጁን አይልካትም።

ማታ ስለ ጸጉሯ ጠየቅኩ።

ምባህ ናቸው የነገሩኝ። እንዲህ ያለ ጸጉር ያላቸው ልጆች በዲየንግ በብዙ ቤት አሉ፣ ጊምባል ይባላል። ሲወለዱ ጸጉራቸው እንደማንም ነው። አንድ ቀን ከባድ ትኩሳት ይይዛቸዋል፣ ሲሻላቸው ጸጉሩ ተጋምዶ ይገኛል። ኪያይ ኮሎደቴ የሚባል የአካባቢው ቀዳሚ አባት ነበረ፣ እነዚህ ልጆች የሱ ዘር ናቸው ተብሎ ይታመናል። ጸጉሩ በጉልበት አይቆረጥም። ከቆረጥከው ትኩሳቱ ይመለሳል፣ ጸጉሩም ይመለሳል። የሚቆረጠው ልጁ ራሱ "ቁረጡልኝ" ሲል ብቻ ነው፤ ሲል ደግሞ አንድ ነገር ይጠይቃል፣ የጠየቀው ምንም ይሁን ምን ይሰጠዋል። ቀልድ የለም፣ መተካት የለም። ብስክሌት የጠየቀ አለ፣ ፍየል የጠየቀ አለ። ከዚያ ድግስ ይደረጋል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ጸሎት ይደረጋል፣ የተቆረጠው ጸጉር ውሃ ላይ ይለቀቃል። ከ2010 ጀምሮ በዲየንግ ፌስቲቫል ላይ ብዙ ልጆች አብረው የሚቆረጡበት ትልቅ ሥነ ሥርዓት አለ፤ ይህች ቤተሰብ ግን በቤቷ ነው የምትፈልገው።

ልክ ነው ወይስ አይደለም፣ ሐኪም ምን ይላል፣ አልጠየቅኩም። እኔን የነካኝ ይሄ ነው፦ የስድስት ዓመት ልጅ አለች፣ መላው ቤተሰብ፣ መላው መንደር፣ የሷን ቃል ይጠብቃል። አዋቂ ሁሉ የልጅን አፍ በቁም ነገር የሚያዳምጥበት እንዲህ ያለ ነገር ሌላ ቦታ አላየሁም።

"ምንድን ነው የምትፈልጊው?" አላት ጓደኛዬ። አላመነታችም። ሁለት ነጭ ዳክዬ። ምባህ እንዳሉት ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ቃሏን አልቀየረችም። ሁለት፣ ነጭ።

ዳክዬው ቀላል ነው። ድግሱ ነው የሚከብደው። ቀኑም ዝም ብሎ አይመረጥም። ጃቫዎች ከሰባቱ ቀናት ጎን ለጎን የሚሄድ አምስት ቀን ያለው የገበያ ሳምንት አላቸው፣ ለጊ፣ ፓሂንግ፣ ፖን፣ ዋጌ፣ ክሊዎን፤ ሁለቱ ተጣምረው የሚመለሱት በየ35 ቀኑ ነው። ሰው የሚወለድበት ጥንድ ቀን ዌቶን ይባላል፤ ሠርግም፣ ድግስም፣ ቤት ሥራም በሱ ይታያል። እኛ ሚካኤል፣ ማርያም እያልን ወሩን እንደምንቆጥር፣ እነሱም በአፋቸው ይቆጥሩታል። ምባህ የኔን ጠየቁኝ፤ ጓደኛዬ በስልኩ ፈልጎ ማክሰኞ ዋጌ ነህ አለኝ። ምባህ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ "ይታያል" አሉ፤ ምን እንደሚታይ አልነገሩኝም።

ለልጅቷ ቀን ተመርጦ ነበር። ከሜዳው ማሳ ድንች በኋላ። አሁን ይዘገያል አሉ ቡ፣ ወደ እሳቱ እያዩ። ልጅቷ ሰማች። አላለቀሰችም፣ ከአያቷ ጭን ላይ ሆና ጸጉሯን በጣቷ መጠቅለል ጀመረች።

ቀን 5፦ ወደ ታች

ረፈድ ሲል ነው የወጣነው። ጓደኛዬ ለምባህ ተሰናበተ፣ ሲሰናበት ጃቫኛው ሁሉ ተለወጠ። ይህን ቀደም ብዬ ልጽፈው ነበር። በጃቫኛ አክብሮት "አንተ"ን "እርስዎ" በማድረግ ብቻ አያልቅም፤ ቃሉ በሙሉ ይቀየራል። ለእኩያህ መብላት "ማንጋን" ነው፣ ለማታውቀው ሰው "ነዳ"፣ ለአያት ደግሞ "ዳሃር"። ወጣቱ ጓደኛዬ ከተማ ስላደገ ይሳሳታል፤ ምባህ እያረሙ፣ እሱ ጎንበስ እያለ። ሲጨርስ ግንባሩን በላብ አገኘሁት፣ በዚያ ብርድ።

ቡ አንድ ፌስታል ድንችና ሁለት ማሰሮ ካሪካ ሰጡን። ካሪካ የተራራ ፓፓያ ነው፣ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ፣ እንደ ቡጢ ያለ፣ በሽሮፕ ተቀቅሎ የሚበላ።

ከዲየንግ ወጣ ስንል ቱክ ቢሞ ሉካር ላይ ቆምን። ቱክ ምንጭ ማለት ነው፤ የሰራዩ ወንዝ እዚህ ይጀምራል። ፊቱን የታጠበ ወጣትነቱ አይጠፋም ይላሉ፣ ታጠብኩ፣ ውሃው ይቆርጣል። ንጹሕ ነው፣ ጥርት ያለ። ይኸው ወንዝ ግን ትንሽ ወረድ ሲል ከየማሳው የሚወርደውን አፈር ይዞ ይደፈርሳል፤ ታች ባንጃርነጋራ ላይ ምሪቻ የሚባል የኃይል ማመንጫ ግድብ አለ፣ በ1980ዎቹ የተሠራ፣ ደለል ከተጠበቀው በላይ ፈጥኖ ሞልቶታል። ስለ ቆቃ የሰማ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ፓክ ከታች ወደ ላይ በጀርባው የሚሸከመው አፈር እዚያ ግድብ ውስጥ ነው ያለው።

ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ አሥራ አንድ ጆንያ ድንች ተጭኗል፣ ቆጠርኩት። ዎኖሶቦ ስንደርስ ጃኬቴን አወለቅኩ። ማገላንግ ላይ ላብ ጀመረኝ።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ፣ ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ ማለት ነው፣ ጓደኛዬ ፎቶ ላከልኝ። የቤቱ ጓሮ ነው፣ የፍግ ጆንያ ከኋላ ይታያል፣ ከፊት ሁለት ነጭ ዳክዬ። ፓክ ከከፍታው ማሳ በሸጠው ድንች ገዝቷቸው ነው። ልጅቷ አጠገባቸው ተቀምጣለች፣ ጸጉሯ እንዳለ ነው። ድግሱ ገና ስለሆነ ዳክዬዎቹ እስከዚያ ቀን የሷ አይደሉም፤ በየጠዋቱ ግን እሷ ናት የምታበላቸው።